እሜቴ ስንዱ ያጾሟቸው ጫጩቶች

ደባርቅ ገበያ ጫፍ ላይ አንድ የዘይት መጭመቂያ ተከፍቷል። ባለፈው ቅዳሜ ድንች ልገዛ ወጥቼ በደጃፉ ሳልፍ ከውስጥ የወጣው ሽታ እግሬን ያዘው። ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ገና ትኩስ ሳለ የሚሸተው ሽታ ነው፤ ቆላ ያለ፣ መረር የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ሌላው ሰው ያለፈ ዘመኑ በሽቶ ወይም በአበባ ትዝ ይለዋል፤ የእኔ በመኖ ሆነ፣ ምን ላድርግ። ገባሁና አንድ ኪሎ ስፈርልኝ አልኩ። ሰውዬው ፌስታሉን እየከፈተ "ለላም ነው ለዶሮ?" ሲለኝ "ለዶሮ" አልኩት። ዶሮ የለኝም። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ያለነው እኔና ሬዲዮዬ ብቻ ነን። "ለዶሮ ከሆነ ብቻውን እንዳይሰጧቸው፤ ገብስ ይደባልቁበት" ብሎ መከረኝ። ለእኔ! የሥራ ዘመኔን በሙሉ ይህንኑ ስለፈልፍ ኖሬ ጡረታ ለወጣሁት። ሳቄ መጣና ዋጥ አደረግሁት።

ዞር ስል ከኋላዬ ተራ የያዘች አንዲት ሴት ትክ ብላ ታየኛለች። "ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎ ባለሚዛኗ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ከስንት ዘመን ወዲህ አልነበረም። ይታይሽ ናት። ከዳባት በላይ በነበርኩባት መንደር የእሜቴ ስንዱ ጎረቤት፣ ያኔ ገና የተዳረች ለጋ ሙሽራ ነበረች፤ አሁን ከሻሿ ሥር የሚታየው ፀጉሯ ሸብቷል። ተሳሳምን። እሜቴ ስንዱ ካረፉ ዓመታት ማለፋቸውን አውቃለሁ፤ ሞታቸውን ሰምቼ ለቅሶ አልደረስኩም። ይታይሽ ይህን አላነሣችብኝም። መኪናዋ ሊነሣ ሲል ብቻ እጄን ይዛ "እሜቴ ለእርስዎ ብለው ያስቀመጡት ነገር አለ። እኔም አልነካሁት፣ ሌላም አላስነካሁ። መጥተው ይዩት" አለችኝና ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ ፋጉሎው አልጋዬ ሥር ሆኖ እየሸተተኝ፣ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሰነበትኩ።

እሜቴን ያወቅሁ ጊዜ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። ከጎንደር ዳባት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ የገብስ ቆሎ ይገዛል፤ ሾፌሩ ያለችውን አንዲት ካሴት እያገላበጠ ስለሚያጫውት ገደብዬ ስንደርስ ዘፈኖቹን ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን። የዳባት ብርድ አጥንት ይገባል። የሴቱም የወንዱም ጫማ ኮንጎ የምንላት የላስቲክ ጫማ ነበረች፤ ጠዋት ደርቃ እሳት ዳር ካላሞቋት እግር አታስገባም። እኔ ደግሞ ከጎንደር የገዛኋት ቡኒ ልባሽ ካፖርት ነበረችኝ፤ አንዱ ቁልፏ ቀይ፣ ሌሎቹ ጥቁር። ከመናኸሪያው ማዶ ባለው ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጬ፣ እጄን በብርጭቆው እያሞቅሁ፣ ያቺን አንዲት ቀይ ቁልፍ ስንት ሰው እንዳየብኝ እቆጥር ነበር። ዛሬ አንድ እንቁላል በምገዛበት ብር ያኔ እንቁላል ልትጀምር የደረሰች ቄብ ዶሮ ይገዛ ነበር። በሁዳዴማ እንቁላል የሚበላ ሰው ስለሚጠፋ ገበያው ላይ ይከመራል፤ ሴቶቹም ከመሸጥ ይልቅ ለምትታቀፍ ዶሮ ይሰጡታል። እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን ጠይቁኝና እንጃ።

ሠላሳ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ጎንደር አክስቴ ቤት ነው ያደግሁት። ወደ ዳባት የተላክሁት ከግብርና መሥሪያ ቤት በኮንትራት ሲሆን ሥራዬ የሀገር ዶሮ ነበር። የፈረንጅ ዶሮ ምን እንደምትበላ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የእኛዋ ግን ምን ብትበላ ምን ያህል እንደምታድግ በዚያ አካባቢ መዝኖ ያየ አልነበረም። አንድ ባለሙያ መጥቶ ቀኑን ሙሉ አስተማረን። የሚያድግ ጫጩት ሁለት ነገር ይፈልጋል አለን። አንዱ ኃይል ሰጪ ነው፤ ገብስና በቆሎ፣ የሚያሞቀውና የሚያሯሩጠው። ሁለተኛው ገንቢ ነው፤ ሥጋና ላባ የሚሠራለት፣ በፋጉሎ፣ በደምና በአጥንት ዱቄት፣ ጭሮ በሚያገኘው ትል ውስጥ ያለው። ገንቢው ከጎደለበት ሆዱ ሞልቶ እድገቱ ይቆማል፤ ላባው ይሳሳና የጓደኛውን ላባ መንቀል ይጀምራል። በበጋ መሬቱ ደርቆ ትል ሲጠፋ የገበሬ ጫጩት የሚቀጭጨው በዚህ ነው አለን። እኔም ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት።

ሙከራው ቀላል ነበር። ባንድ ሰሞን የተፈለፈሉ ሠላሳ ጫጩቶች ለሁለት ይከፈላሉ፤ በግራው በረት ያሉት ገብስ ብቻ፣ በቀኙ ያሉት ድብልቁን ይበላሉ። የቀኞቹ እግር ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። በየሐሙሱ ሚዛኔ ላይ ቁና አንጠልጥዬ አንድ በአንድ እመዝናለሁ፤ ባለሚዛኗ የተባልኩትም በዚህ ነው። ከፋሲካ በፊት ኃላፊዎች መጥተው ሲመዝኑ የቀኞቹ በልጠው ከተገኙ፣ ለመንደሯ የጫጩት ማሳደጊያ ይሠራላታል፣ እኔም እዚያው በቋሚነት እቀጠራለሁ ተባለ። መቀጠሩን ፈልጌው ነበር። "እዚያው" የምትለዋን ቃል ግን ከመቀጠሩም በላይ ፈለግኋት።

ምክንያቱ እሜቴ ስንዱ ናቸው። ለሁለቱ በረት ግቢያቸውን የፈቀዱልን እሳቸው ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው በጦርነቱ ዘመን ወደ ሁመራ ወርዳ የቀረችባቸው ሴት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል። የልጃቸውን መደብ አንጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። በሌሎች መንደሮች ዞሬ ስመለስ፣ ሲመሽብኝም ሲዘንብብኝም፣ ሳይበሉ ይጠብቁኝ ነበር። አክስቴ ቤት ድርሻዬ ተከድኖ ይቀመጥልኛል፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን እኔ እስክመጣ ጉርሻ ሳያነሣ የቆየ ሰው እስከዚያ ዕድሜዬ አላጋጠመኝም። "ለምን አይበሉም እሜቴ?" ስላቸው "ብቻየን ሲሆን አይወርድልኝም። ነይ ቅረቢ ልጀ" ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን "ልጀ" ሲሉኝ ሌላ ሰው የጠሩ ይመስለኝና ዞር እል ነበር።

ሚዛኔን ይቀልዱባት ነበር። ቁጥሯን አያነቡም፤ ጫጩቷን በመዳፋቸው አንሥተው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና "ይችስ ካለፈው ሐሙስ ጨምራለች" ይላሉ፣ ሲመዘንም ልክ ናቸው። በቀኙ በረት ያለችውን አንዲት ገብስማ፣ ያችን ግራጫ ዝንጉርጉር፣ ከሁሉ ይወዷት ነበር። ለጥጥ የሚያገለግል የእንጨት ሚዛን ነበራቸው፤ በአንዱ ጫፍ ቁና፣ በሌላው ድንጋይ የሚቀመጥበት። "የኔው ይሻላል፤ ድንጋይ አይዋሽም" ይሉኛል። "እኔንስ መቸ ነው የምትመዝኝ?" ይሉና "ቁናው አይችልዎትም" ስላቸው "ቆይ ሁዳዴ ይግባ፣ ይችላል" ብለው ይስቃሉ። አብረን እንስቃለን። ጾሙ ሊገባ ሲል የቀኝ በረት ጫጩቶች ጥሩ አድርገው በልጠው ነበር፤ ላባቸው ያብረቀርቃል፣ ገብስማዋማ ከአጥር በላይ መዝለል ጀምራለች።

በዚህ መሐል ለክትባት ሥልጠና ጎንደር ተጠራሁ። ጾሙ በገባ በማግስቱ ልሄድ፣ ለሆሳዕና ልመለስ። እስከዚያ ቀን ድብልቁን የማዘጋጀውም የምሰጠውም እኔ ነበርኩ። እሳቸው እንዳይቸገሩ ብዬ የሰሞኑን ሁሉ፣ ገብሱን፣ በቆሎውን፣ ፋጉሎውን፣ የደምና የአጥንቱን ዱቄት አንድ ላይ አደባልቄ በጆንያ ሞላሁና አፉን በራሴ አስተሳሰር ቋጠርኩት። "ለቀኞቹ ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ" አልኳቸው። በጣሳው ከቀረው ቆንጠር አድርገው "ይኽ ጥቁሩ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ደም ነው እሜቴ። የከብት ደም ደርቆ የተፈጨ። የሚያሳድጋቸው እኮ እሱ ነው" አልኩ በኩራት። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። እኔም መኪናው እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነበር።

የተመለስኩት ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ኃላፊዎቹ በማግስቱ ይመጣሉ። ካፖርቴን ሳላወልቅ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄድኩ፤ የእሜቴን ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልመለስኩም። የቀኝ ጫጩቶች ጀርባቸው ተመልጧል። ገብስማዋ አጥሩ ሥር ቆማ የሌላዋን ላባ ትነቅላለች። ከግራዎቹ የሚለያቸው እግራቸው ላይ ያለው ቀይ ክር ብቻ ነበር። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ የገባባቸው መሰለኝ፤ ግን ዓይናቸው ጥሩ ነው፣ ይሮጣሉ፣ እህል የሚያጠራቅሙበት ማንቁርታቸው ሞልቷል። ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ ጆንያውን አየሁ። እንደሞላ ነው። ቋጠሮውም የራሴ ቋጠሮ ነው።

"እሜቴ፣ ምን ሲበሉ ነበር?"

"ገብስ ነዋ። ጧትም ማታም ጠግበው ነው ያደሩ። ከራሴ ጎተራ ሳይቀር ሰጥቻለሁ።"

"ጆንያውስ?"

"ኧረግ ልጀ! ሁዳዴ አይደል እንዴ? እኔ ስጾም በደጀ ደም ሲበላ እንዴት ብየ አያለሁ? ትንሣኤ ደርሷል፤ ያን ጊዜ አብረን እንገድፋለን።"

"ታዲያ ስሄድ ለምን አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ። መንገድ ለምትወጣ ልጅ እምቢ ማለት ከበደኝ።" ወደ ጆንያው ዞር ብለው "ፋጉሎውን ለብቻው ብትተይልኝ ኑሮ እሱ የጾም ነው፣ እሰጣቸው ነበር። አንች ሁሉንም ደባልቀሽ ቋጠርሽው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ ከቀትር በፊት የማይቀምሱ ሴት ቤት፣ በሁዳዴ፣ ደም አስቀምጬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጾም የሰው ብቻ ነው ብዬ ያሰብኩት፣ መጠየቅም ያላሰብኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ዳባት የተከራየኋት ብርዳም ክፍል፣ ከዚያም የአክስቴ ቤት ነበር። ራት ሲቀርብ አልበላም አልኩ። እሳቸውም አልበሉም። ገበታው እንደተከደነ ተነሣ።

ዐርብ ኃላፊዎቹ በመኪና መጡ። መንደርተኛው ተሰበሰበ፤ ይታይሽም አዲስ ሙሽራ ስለነበረች ኩታዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። አንድ በአንድ መዘንኩ። ቀኝና ግራ አንድ ሆኑ። ኃላፊያችን ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ "እንግዲህ ለሀገር ዶሮ ገንቢ መኖ ምንም አይጨምርላትም ማለት ነው" አለና ሊጽፍ ጀመረ። ሐሰት ነበር፤ ከተጻፈ ማሳደጊያውም እኔም አብቅቶልናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በጾም ወራት የማይሆን መኖ ትቼ ሄድኩ ማለት ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ ግን "መኖውን አልበሉም። ሴትየዋ ናቸው ያልሰጧቸው" አልኩ።

ሴትየዋ። መደባቸው ላይ የተኛሁባቸውን፣ ልጀ ያሉኝን፣ ሳይበሉ የጠበቁኝን ሴት በጎረቤታቸው ፊት ሴትየዋ አልኳቸው። ኃላፊው ዞር ብሎ "እማማ፣ የመንግሥት ሥራ ነው ያበላሹት" አላቸው። ከሰዎቹ አንዱ ሳቀ። እሜቴ ስንዱ ቀጥ ብለው እንደቆሙ "እውነት ነው፣ እኔ ነኝ" አሉ። ሙከራው ዳባት ቅጥር ግቢ ውስጥ በሌሎች ጫጩቶች እንደገና እንዲደረግ፣ እኔም ወደዚያው እንድዛወር እዚያው ቆመው ወሰኑ። ጫጩቶቹንና ጆንያውን ለቤቱ ተዉት። ዕቃዬን ጭኜ መኪናው ሊነሣ ሲል እሜቴ ከቤት ብቅ አሉና የረሳኋትን ካፖርት በመስኮት አቀበሉኝ። "ብርድ ነው" አሉ። "ልጀ" አላሉኝም።

ዳባት ላይ ሙከራው እንደ መጽሐፉ ሠመረ። ቋሚ ሆንኩ። ገና በተዛወርኩ ሰሞን ለፋሲካ ነጠላ ገዛሁላቸው፤ ይዤ ልሄድ አስቤ አፈርኩ። ይለፍ፣ ለዘመን መለወጫ እሄዳለሁ አልኩ። ነጠላዋ ሻንጣ ውስጥ ቢጫ ሆነች። ከዳባት ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ፤ ለሥራ በበቅሎ እስከ በየዳ ወረዳ ድረስ ወጣሁ፤ ከሳንቃ በር ማዶ ባሉ መንደሮች ለማላውቃቸው ሴቶች ስለ ኃይል ሰጪና ስለ ገንቢ አስተማርኩ። ፋጉሎውንና የደሙን ዱቄት ለየብቻ ቋጥሩ፣ በጾም ፋጉሎውን ብቻ ስጡ እያልኩ አስጠናቸው ነበር። ጎበዝ ባለሙያ ተባልኩ። ከማን እንደተማርኩት የጠየቀኝ የለም። እሜቴ ያረፉ ጊዜ በየዳ ነበርኩ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሰማሁ። ደመወዝ ነበረኝ፣ ቤት ነበረኝ፣ አንድም ቀን ጦሜን አላደርኩም። ማታ ማታ ብቻዬን ስበላ ግን እነዚያ ማንቁርታቸው ሞልቶ ያላደጉት ጫጩቶች ትዝ ይሉኝና ገበታውን አነሣዋለሁ።

በመጨረሻ ትናንት ዐርብ ፋጉሎውን በፌስታሉ ይዤ ሄድኩ። ሚኒባሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳባት አደረሰኝ፤ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። የእሜቴ ቤት ፈርሶ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል፤ ይታይሽ አጠገቡ ቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። በድንጋይ ካቡ አጥር ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ ያጠቆራቸው ድንጋዮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በሁለቱም ረድፍ መጀመሪያ ያሉት ከጭብጥ ያነሱና እኩል ናቸው። እየሄዱ ግን የግራው ረድፍ ድንጋዮች በጥቂቱ ብቻ ሲጨምሩ፣ የቀኙ እየገዘፉ ሄደው የመጨረሻው በሁለት እጅ የሚነሣ ነው። በሕይወቴ ስንት ደብተር ቁጥር ሞልቻለሁ፤ ይህን ለማንበብ የማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ይታይሽ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "የዚያን ዓመት የፋሲካ ለት" አለች፣ "ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ራሳቸው ሳይገድፉ፣ ጆንያውን ፈቱት። ለቀኞቹ ጧት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ለግራዎቹማ እባክዎ ትንሽ ይድረሳቸው ብላቸው 'ልጀ እንዲህ ነው ያለችኝ' ብለው ከለከሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ በጥጥ ሚዛናቸው ከየበረቱ አንዳንድ ዶሮ ይመዝናሉ፤ ከቀኙ ሁሌ ያችን ገብስማ ነው። የመዘነውን ድንጋይ እዚህ ያስቀምጣሉ። ጆንያው እስኪያልቅ እንዲህ አደረጉ።"

"ለምን?" አልኳት።

"'ጾሙ ነው ያጎደለባት እንጂ ሥራዋ እውነት ነው። ስትመጣ ታየዋለች' ይሉ ነበር። ድንጋዩን ልጆች እንዳይነኩት ስንት ጊዜ ተቆጥተዋል። ኋላም፣ ዶሮዎቹ ካለቁ በኋላም፣ ሐሙስ ሐሙስ አምሽተው ነበር የሚበሉ። ብቻየን አይወርድልኝም ይላሉ።"

የት ልግባ። ሰው ቢቆጣኝ፣ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። የመጨረሻውን ድንጋይ አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዶሮ ያህል ይከብዳል። ይታይሽ ነገሩ ሲከብዳት ተነሥታ "ዛሬ ዐርብ ነው፣ ሽሮ ነው ያለኝ፤ አብረን እንበላለን" አለችኝ። የእሷ ዶሮዎች በካቡ ሥር ይጭራሉ፤ መሬቱ ደርቋል፣ የሚያገኙት ነገር ያለ አይመስልም። ፌስታሌን ፈታሁና ፋጉሎውን በእጄ ማድቀቅ ጀመርኩ። ይታይሽ ከቤት አንድ እፍኝ ገብስ አምጥታ ጨመረችበት። በተንኩላቸው፤ እየተንጋጉ መጡ። ከመሐላቸው አንዲት ገብስማ ነበረች፤ ከሌሎቹ ቀድማ እግሬ ሥር ደረሰች።

ወደ ካቡ ዞር አልኩ። "ፋጉሎ ብቻ ነው እሜቴ" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። "ደም የለበትም።"